መርዶህን ይዤ ወደ ማይድ

የኔ ሙሌ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነን ነው። ሙት ዓመትህን እንደ አቅማችን ዘክረናል። ከአያሃ ሰፈር ወጥተን አሁን እዚሁ ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ሳህራ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጥታን እንኖራለን። ሳህራን ታውቃታለህ፤ ድሬዳዋ ያደገችው፣ ምግብ የማበስልላት አሠሪዬ ናት። ልጃችን ሜሮን ሰፈሩን ወዳዋለች። ከልጆቹ ጋር ሶማሊኛውን ስታንበለብለው ቆሜ አያታለሁ። አማርኛው ግን እየሸሻት ነው። በአማርኛ ስጠይቃት በሶማሊኛ ትመልስልኛለች። ሳህራ እንኳ በሶማሊኛ ነው የምታወራት፤ ከኔ በቀር ማን ያናግራታል?

ዛሬ የምጽፍልህ ያንን ስታወራልኝ የኖርከውን የማይድን ባሕር ስላየሁት ነው።

ነገሩ የጀመረው በስልክህ ነው። ለወራት ዘግቼ አስቀምጬው ነበር። ሜሮን ፎቶህን ልይ ብላ ቻርጅ አድርገን ስንከፍተው ጠራ። ጃማ ነበር፤ ማይድ ላይ የእንግዳ ማረፊያውን ስትገነባ ድንጋይ ሲያቀብልህ የከረመው ጀልባ ነጂ ወዳጅህ። የት እንደጠፋህ ጠየቀኝ። «የለም» አልኩት። ወጣ ማለቴ መሰለውና ሲመለስ እንዲደውልልኝ ንገሪው ብሎ ዘጋው። መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ሳህራን አዋየኋት። እሷም ዘመዶቿን ለመጠየቅ ወደ ኤሪጋቦ መሄጃዋ ደርሶ ነበርና፣ ከዚያ አልፋ እስከ ማይድ ልታደርሰኝ ቃል ገባችልኝ። ሜሮንን የሳህራ እህት ዘንድ ትተን ሄድን።

ከኤሪጋቦ ወደ ማይድ መውረጃው ላይ ስላለው ስለ ዳሎ ተራራ ስታወራ ታጋንናለህ እልህ ነበር። አላጋነንክም። መኪናው አፋፉ ላይ ሲቆም ዙሪያው ጥድ ነው፤ ሽታው አንተን ያሳረፍንበትን የጎጃሙን ደብር ግቢ አስታወሰኝ። ከእግሬ ሥር ደግሞ ምድሩ ተቆርጦ፣ ገደል በገደል ላይ እየሆነ እስከ ባሕሩ ይወርዳል። እኔ ላይ ብርዱ ጋቢ ያስመኘኛል፣ እታች ባሕሩ በሙቀት ይጨሳል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሳህራ በየመታጠፊያው «ቢስሚላህ» ትላለች፣ እኔ አማትባለሁ።

ጃማን ባሕሩ ዳር መረብ ሲጠግን አገኘነው። ከፎቶ ያውቀኝ ኖሮ እየሮጠ መጣና ከኋላዬ መኪናው ውስጥ አንተን ፈለገ። ከዚያ እስካሁን ያላወለቅኩትን ጥቁር ልብሴን አየ። ያን ሁሉ መንገድ ሳሰላስለው የመጣሁት ቃል ከአፌ ሳይወጣ ገባው። አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። እኔም ቆሜ አለቀስኩ። ቆይቶ ቀና አለና አጠገቡ ያለውን አሸዋ በመዳፉ አስተካከለልኝ።

«እስኪ ነይ፣ አረፍ በይ» አለኝ።

ሙሌ፣ ያንተ አፍ ነው። እኛ ደብረ ብርሃኖች «እስቲ» ነው የምንለው፤ በ«እስኪ»ህ ስንቴ ስቄብሃለሁ። ሀርጌሳ ውስጥ ካንተ ወዲያ እንዲህ ብሎ ያናገረኝ ሰው የለም። አማርኛውን ካንተ የለቀመ ሰው ስለሆነ የሚያውቀው የጎጃሙን፣ ያውም የግንበኛውን ነው። ስለ ሜሮን ሲጠይቀኝ «ልጅቷ ስንት ብሎኬት ሆነች?» አለ። ቁመቷን በእጄ አሳየሁት።

በማግስቱ ከማይድ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ወዳለው የወፎች ደሴት በጀልባው ወሰደኝ። ፈርቼ ጠርዙን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ጃማ አንተም መጀመሪያ ቀን እንደዚሁ ጨብጠህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ኪዳነ ምሕረትን ስትጣራ እንደነበር ነገረኝ። ለኔ እኮ ቆሜ ሄድኩ ነበር ያልከኝ! ሳቅሁ። ካንተ ወዲህ ከሆዴ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደሴቱ በወፍ ኩስ ነጥቶ፣ ወፉ ሰማዩን ሞልቶ ይጮሃል። ዞር ብዬ ወደ የብሱ ሳይ ያ ሁሉ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከሥሩ አንተ የገነባኸው ቤት ትንሽ ሆኖ ይታያል። ተራራውንና ባሕሩን ሊያዩ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች ያድሩበታል አሉ። ያ ብርቱ የባሕር ንፋስ አንዲት ድንጋይ እንኳ አላነቃነቀበትም። ኮራሁብህ።

ስንለያይ ጃማ «ከእንግዲህ አማርኛዬን ከማን ጋር ላውራው?» አለኝ። ስልክህን እንደማልዘጋው ነገርኩት።

ይኸው ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ይደውላል። የምታነሳው ሜሮን ናት። በሶማሊኛ ስትጀምርለት ሶማሌው ሰውዬ «አይገባኝም» ይላታል። እየሳቀች፣ ቃል እየፈለገች በአማርኛ ታወራዋለች። እሱም እኔ እንኳ ያልሰማሁትን ያንተን ነገር ይነግራታል። እኔ ሥራዬን ትቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ይዣት እወርዳለሁ፤ አባቷ የሠራውን ግድግዳ በእጇ ትንካው። እስከዚያው፣ ሙሌ፣ ስምህ ሳይነሳ የሚመሽ ዓርብ በዚህ ቤት አይኖርም።

ያንተው ጽጌ