«ያሳደግኩህ» ያልሽው

ለማሂ፣

እማዬ «የማርያም ጥላ አይለይሽ፣ እኛ ደህና ነን ብለህ ጻፍላት» ብላኛለች። እንዳለችው ጽፌያለሁ። ደህና ግን አይደለንም።

ወንድማችን ሀብቴን ከቀበርነው ወር ሊሞላ ነው። ወደ ሲሬ ሲሄድ ተገልብጦ የሞተበትን ሞተር የሠፈር ልጆች ጠግነው አምጥተውት ነበር፤ እማዬ ከደጅ መለሰቻቸው። ገብሱ ታጭዶ አልተወቃም።

የላክሽልንን ድምፅ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ በስፒከር ያሰማሁት እኔ ነኝ፤ ቀድሜ ባዳምጠው ኖሮ አላሰማውም ነበር። «ያሳደግኩህ ወንድሜ» እያልሽ ስታለቅሺ አልቃሾቹ ቃልሽን ተቀብለው አወረዱት። ከአርቦዬ የመጣች አንዲት ሴት «ለካ እህቱ ናት ያሳደገችው! እናትየዋ የት ነበረች?» ስትል እማዬ ሰማች።

አንቺ ወደ ውጭ አገር ስትሄጂ ሀብቴ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። እሱን አዝላ የሰው ገብስ ስታበጥር የዋለችው እማዬ ናት። አንቺ እዚያ ሆነሽ የምታለቅሺበት ታሪክ ቢያጥርሽ የእሷን ወሰድሽባት።

ትናንት «ሀብቴ አፉን የፈታው በምን ቃል ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እህትህን ጠይቅ። ያሳደገችው እሷ ናት» አለችኝ።

አሽሙር መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አሽሙር አልነበረም፤ ቃልሽን እሷ ራሷም አምናዋለች።

ስለዚህ ለአርባው ሌላ ድምፅ ላኪ። «እማዬ ያሳደገችህ» በይ፣ እዚያው ሰው ፊት አሰማዋለሁ።

«ያሰብሽው ይሙላልሽ» በልልኝ ብላለች። ይህም የእሷ ምርቃት ነው። የእኔን፣ ድምፅሽን ከሰማሁ በኋላ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ ናሆም