ፈረሴና አራቱ መደቆች

ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፶፪
ሙቀት። ወፍ ማሽላውን ፈጀው ይላሉ ልጆቹ... እኔ ምን ላድርግ? ወንጭፉን ለነሱ ካስረከብኩ ቆየሁ።
ከሰዓት በኋላ በጨው ነጋዴው በበድረዲን ሱቅ በረንዳ ላይ ሰንጠረዥ። አሸነፍኩት። እንደ ወትሮው ነው፤ በወረራው ጊዜ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳንጠብቅ ሁለታችንም እንዳሻን በምንነዳበት ሰዓት፣ ሠራዊቴን ቤቱ አስቀምጬ ፈረሴን ብቻውን አወጣለሁ። "ና እንግዲህ፣ አባርረው!" እለዋለሁ። ያባርራል። ከእግረኞቹ መደቆች አንዱ ሲሮጥ ሌላው ሲቀር ሰልፉ ሁሉ ይበተናል። ከዚያ መልቀም ነው።
"አያ ደምሴ፣ አንተን የፈጠረ..." ብሎ ተወው።
"የጨው ነጋዴ ግመል ይጎትታል እንጂ ፈረስ መች ያባርራል!"
ሳቀ። ሁሌም ይስቃል።

ኅዳር ፱
መምህር ይግዛው፣ ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣው፣ ቆሞ ሲያየን ዋለ። ፈረንጆችም በነሱ ሕግ ይህንኑ ያደርጋሉ አለ። ፈረስ አውጥቶ መደቅ ማስኮብለል...
"መድኃኒቱ አራት መደቅ ጎን ለጎን አሰልፎ መግፋት ነው ይላሉ።"
"ያፈርሰዋል?" በድረዲን ነው።
"እሱ ላይ አልተስማሙም።"
ሳቅሁ። ፈረንጅ ያልተስማማበትን የቆቦ ጨው ነጋዴ ሊፈታው! በድረዲን ግን አልሳቀም። ጢሙን ያሻል... ምን እያሰበ ይሆን?

ኅዳር ፲፯
የልጅ ልጄን የጠየቁት የሮቢት ሽማግሎች መጡ። አለቀ፤ ሰርጉ ጥር ላይ ነው። ከምሳ በኋላ የሙሽራው አያት አቶ አምባው "ሰንጠረዥ ላይ የሚቋቋምዎት የለም አሉ" አሉኝ። ይዣቸው ሄድኩ። እንዲያዩኝ ነው፣ ሌላ ምን አለው?
ፈረሴን አወጣሁ። "ና አባርረው!"
አላባረረውም። አራት መደቅ ጎን ለጎን አሰልፎ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ጎሊና ወንዝ ደራሽ መጣብኝ። ፈረሴ መግቢያ አጣ። መውጫም። መጨረሻ ላይ የበድረዲን እጅ አንዱ መደቅ ላይ አረፈ... ቆየ... ተመለሰ። ደሩን፣ ጉልበተኛውን ጠጠር፣ አንስቶ ንጉሤን ገደለው።
ተሸነፍኩ! በአማቼ ፊት!
ምላሴ ግን አልሞተችም። "በደር? እንዴ በድሩ፣ በጉልበት? በእኛ አገር የሚዘፈነው በመደቅ ለገደለ ነው። በደር መግደልማ በር ሰብሮ መግባት ነው። ደግሞ እጅህ ተንቀጠቀጠ፤ አንዲት መደቅ ማንሳት ከበደህ?"
አቶ አምባው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። በድረዲን "ያው ሞቷል፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ ጠጠሮቹን ሰበሰበ።

ኅዳር ፳
በረንዳው ባዶ። ልጁ ራህመት "አባባ ደክሞታል" አለችኝ።

ኅዳር ፳፪
አሁንም ደክሞታል። የደከመው ሰው ከጓሮ የግመል ጭነት ሲያራግፍ አየሁት። አየኝ። ገባ።
ይኸውልህ፤ ነገረኛ የሚያሸንፈው የሚያባርረው ሲያገኝ ነው። ካልመጣበትስ? ፈረሱን ይዞ ሜዳ ላይ መቆም ነው።
ባለቤቴ ወለላ ምሳ እያቀረበች "ምን ብለዋቸው ነው?" አለችኝ።
"ቀልድ ነው።"
"እርስዎ ቀልደው እሳቸው ካልሳቁ፣ ቀልዱ የማን ነው?"
አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ ዛሬ ነው እንዲህ የምትጠይቀኝ? ወይስ ሁሌም ስትጠይቅ ነው የኖረችው?

ኅዳር ፳፬
የኔን ጠጠሮች አውጥቼ ያን ጨዋታ ከትዝታዬ ደረደርኩት። ለምን እንደፈረስኩ ልወቅ ብዬ። ፈረሱን ቀድሜ ብመልሰው... አይሆንም። በግራ ባዞረው... አይሆንም። አራቱ ካልተነጣጠሉ የምለቅመው የለም። እሺ፣ ያፈርሰዋል። ለመምህሩ ግን አልነግረውም።
ቀጥሎ መጨረሻው። ንጉሤ ጥግ ላይ። ደሩ እዚያ። መደቁ...
ቆይ።
መደቁን አንድ ቢገፋው ንጉሤ መሄጃ የለውም። በመደቅ ሞቶብኝ ነበር! ደግሞ እጁ ያረፈው በዚያችው ላይ ነበር።
አይቷታል። እጁ መች ተንቀጠቀጠ! አቶ አምባውን አየ፣ እኔን አየ፣ ተወው። በአማቾቹ ፊት በመደቅ የተገደለ አያት በሰርጉ ምን እንደሚዘፈንበት ያውቃል። ለኔ ሲል በደር ገደለ።
እኔስ? በዚያችው ሰደብኩት።

ኅዳር ፳፭
ወለላ "ቤታቸው ሄደው ይቅርታ ይበሏቸው" ትላለች። የሰደብኩት በአደባባይ፣ ይቅርታው በጓዳ? አይሆንም... ግን በአደባባይ ከሆነ ያ ዘፈን አይቀርልኝም። ሰርጉ የልጅቱ ነው ወይስ የኔ መሳቂያ?

ታኅሣሥ ፩
የገበያ ቀን። አቶ አምባው ስለ ዳሱ ሊነጋገሩ መጡ። ዳሱን ተውኩና እጃቸውን ይዤ በቀጥታ ወደ በድረዲን ሱቅ። በረንዳው ሙሉ ነው። በድረዲን አየኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ሰሌዳውን ዘርግቼ የዚያን ቀን መጨረሻ ደረደርኩ። ሰዉ ከበበን።
"አቶ አምባው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ ብዬ አስቄዎት ነበር። እጁ የት አርፎ እንደነበር ይዩ። በድሩ፣ ና ግፋው።"
"ወላሂ አልገፋም።"
"ግፋው እልሃለሁ!"
"አያ ደምሴ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ተወኝ።"
እኔው የሱን መደቅ አንስቼ በገዛ ንጉሤ ላይ ገፋሁት።
መጀመሪያ የገባቸው አቶ አምባው ናቸው። "እንዴ! በመደቅ!" ሳቃቸው ሮቢት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። የሰርጉን ግጥም እዚያው ጀመሩት፤ ፈረሴም አለበት። ይሁን...
በድረዲን አልሳቀም። መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው መለሰ።
"በል፣ ፈረስህን አውጣ።"
"አፍርሰኸዋል እኮ።"
"አውጣው እንጂ! እሱ ካልወጣ ማንን ላባርር?"
አወጣሁት። "ና አባርረው" ግን አላልኩትም።
እሱ ራሱ አለልኝ።