አቶ ጓዴ ወልደ ኪዳን፦ ለሱሃ ቁልቁለት ሞተር ብስክሌት የመረጡ የከብት ሐኪም

አቶ ጓዴ ወልደ ኪዳን ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ኪዳን ፋንታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ሚያዝያ 23 ቀን 1922 ዓ.ም. በብቸና አውራጃ፣ በደብረ ወርቅ አጠገብ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ቅኔ ቤት ገቡ። የመሪጌታ ሐሳብ ልጃቸው ወንበራቸውን እንዲወርሱ ነበር። በ1939 ዓ.ም. ግን ዘመድ ለመጠየቅ ደብረ ማርቆስ የሄዱት ወጣት በአንድ ጋራዥ ደጃፍ የተፈታ የጭነት መኪና ሞተር አዩና እዚያው ቀሩ።

አባታቸው ሁለት ዓመት አኩርፈው ከቆዩ በኋላ ልጃቸውን ሊመልሱ በቅሏቸውን ጭነው ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ከጋራዡ በር ቆመው ልጃቸው አንዱን ብሎን ሲፈቱ፣ ሌላውን ሲገጥሙ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። በመጨረሻም፣ "መፍታትና መግጠም ከሆነማ ከቤቴ አልወጣህም" ብለው መርቀዋቸው ተመለሱ። አቶ ጓዴ ይህን የአባታቸውን ቃል ለማንም በኩራት ይናገሩት ነበር።

በ1951 ዓ.ም. ከወይዘሮ ይርጋነሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1955 ዓ.ም. ጋራዡን ትተው የእንስሳት ጤና ረዳትነት ሥልጠና ወስደው በግብርና መሥሪያ ቤት ተቀጠሩና ብቸና ተመደቡ። ሥራቸው ከብት መከተብ ነበር። በስሙ ደስታ፣ በግብሩ ግን ኀዘን የሆነው የከብት በሽታ በገባበት አገር ሁሉ የክትባቱን ሣጥን በበቅሎ ጭነው ይወርዱ ነበር።

ክትባቱ ከበረዶ ጋር ካልተያዘ ዋጋ የለውም፤ ሙቀት የነካው ክትባት ከውኃ አይሻልም። በረዶው የሚገኘው ብቸና ካለው የላምባ ማቀዝቀዣ ብቻ ሲሆን፣ በሱሃ ወንዝ ማዶ ያለው ቆላ ደግሞ በበቅሎ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። በ1968 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አቶ ጓዴ እዚያ ሲደርሱ በሣጥኑ ውስጥ የቀረው ለብ ያለ ውኃ ብቻ ነበር። ከብት አሰልፈው ከሚጠብቁት ገበሬዎች አንዷ፣ ባለቤታቸው የሞተባቸውና በራሳቸው እጅ የሚያርሱት ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ሣጥኑን ጎንበስ ብለው አዩና "እንግዲህ አያ ጓዴ፣ ቢያንስ ውኃውን ከብቶቹ ይጠጡት፤ ጠምቷቸዋል" አሉ። በዚያ ወር ሁለቱም በሬዎቻቸው ሞቱ። አቶ ጓዴ ቤታቸው ተመልሰው ሦስት ቀን እህል በአፋቸው እንዳልዞረ ባለቤታቸው ይመሰክራሉ። በአራተኛው ቀን ተነሡና ለመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት እንዲገዛ ማመልከቻ ጻፉ። መልስ ሲዘገይ ሁለተኛ ጻፉ፤ ቀጥለው ሦስተኛ።

ያ ጊዜ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባባልበት ስለነበር የአቶ ጓዴ ስም በስብሰባ ሁሉ ሳቅ ያስነሣ ነበር። ሰብሳቢው "ጓድ ጓዴ" ብለው ሲጠሯቸው አዳራሹ ይስቃል፤ ከሁሉ አብልጠው የሚስቁትም ራሳቸው ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ጥር ወር "ጓድ ጓዴ፣ ሞተርዎ ተፈቅዷል" ሲባሉ ግን አልሳቁም። አንገታቸውን ደፍተው ማተባቸውን ጨበጡ።

አንድ ነጋዴ አንዱ እንዲመረጥ ሁለት ሞተር ብስክሌቶች በመኪና ጭኖ ብቸና መሥሪያ ቤቱ ግቢ አወረደ። አንደኛው ቀይና ትልቅ፣ ብረቱ የሚያብረቀርቅ፣ በቁልፍ የሚነሣ ነበር። ሁለተኛዋ ከሲታ ናት፤ ወንበሯ ጠባብ፣ ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በእግር ተረግጣ የምትነሣ። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ገብረ ሚካኤል ቀዩን ገና ሲያዩት ወደዱት።

አቶ ጓዴ ግን ኮታቸውን አውልቀው ለጽሕፈት ሠራተኛዋ ለወይዘሪት ሀብትነሽ ሰጡና ምርመራ ጀመሩ። በመጀመሪያ ሁለቱንም ሞተሮች አንድ በአንድ መሬት ላይ በጎናቸው አስተኟቸው። ነጋዴው ጮኸ። አቶ ጓዴ ትንሿን ብቻቸውን አነሧት፤ ቀዩን ለማንሣት ሦስት ሰው አስፈለገ። ቀጥሎ በያዙት አንድ ቁልፍ የትንሿን ካንዴላ ፈትተው፣ አይተው መልሰው ገጠሙ። ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረው "ይህ ቀዩ ሱሃ ውስጥ ቢቆም ማን ይሠራዋል?" ሲሉ ጠየቁ።

ነጋዴው "አዲስ አበባ ሠልጣኝ መካኒክ አለን" አለ።

"እሱ እስኪመጣ በረዶው ይጠብቀኛል?"

አቶ ጓዴም ትንሿን አስነሥተው፣ እግራቸውን መሬት ሳያስነኩ፣ ቆመው እየነዱ በግቢው ድንጋይ ላይ ወጡ፤ ወረዱ። አነዳዳቸው እጅግ ዝግ ያለ ስለነበር ኮት የያዘችው ወይዘሪት ሀብትነሽ በእግሯ ቀድማቸው ሄደች። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ገብረ ሚካኤል "ጓድ ጓዴ፣ እኛ የምንፈልገው የሚሮጥ ነው። ከሰው እግር የሚዘገይ ሞተር ገዝተን መሥሪያ ቤቱን መሣቂያ ልናደርገው ነው?" አሉ።

"መሮጥ ሁሉም ይሮጣል" አሉ አቶ ጓዴ። "በገደል ላይ ቀስ ብሎ መሄድ ነው የሚያስቸግረው።"

ክርክሩ ስላልበረደ በማግሥቱ ሁለቱም ሞተሮች በረዶ ተጭነው ሱሃ ማዶ ደርሰው እንዲታዩ ተወሰነ። ቀዩን አቶ ገብረ ሚካኤል ራሳቸው፣ ትንሿን አቶ ጓዴ ይዘው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከብቸና ተነሡ። በሜዳው ላይ ኃላፊው ወዲያው በአቧራ ተሸፍነው ጠፉ። አቶ ጓዴ አልተጣደፉም። ቁልቁለቱ መካከል ሲደርሱ ቀዩ ሞተር በኮረት ላይ ተንሸራትቶ ወድቆ፣ ኃላፊውም አንድ እግራቸው ከሥሩ ተይዞ ተቀምጠው አገኟቸው። አቶ ጓዴ ሞተራቸውን አቁመው፣ ከአካባቢው ሰው ጠርተው አስነሧቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበታቸው መላጥ በቀር ጉዳት አልደረሰባቸውም። ቀዩ ሞተርም ጥፋት አልነበረበትም፤ ለአስፋልት የተሠራ ጎበዝ ነበር።

አቶ ገብረ ሚካኤል "እንመለስ" ሲሉ አቶ ጓዴ "በረዶውስ?" ብለው ጠየቋቸው። ኃላፊውም ከኋላ ተፈናጥጠው፣ ሁለቱን የበረዶ ሣጥኖች በሁለት ብብታቸው አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ወንዙን ተሻገሩ። ትንሿ ሞተር ሁለት ሰውና ሁለት ሣጥን ይዛ እያጓራች ዳገቱን ወጣች። ማዶ ሲደርሱ አቶ ገብረ ሚካኤል አንዱን ሣጥን ከፍተው እጃቸውን ከበረዶው ውስጥ አስገቡ። እጃቸው ደነዘዘ። እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ስቀው "ጓድ ጓዴ፣ የቱ ጋ ልፈርም?" አሉ። ቀዩን ሞተር ስምንት ሰው ተሸክሞ አወጣው። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማቾች ሆኑ፤ አቶ ገብረ ሚካኤል የአቶ ጓዴን የመጨረሻ ልጅ ክርስትና አንሥተዋል።

ትክክለኛው ፈተና የመጣው በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ነው። በሽታው እንደገና በሱሃ ማዶ ቆላ ገባ። አቶ ጓዴ በማለዳ ተነሥተው ሲጓዙ ወንዙ ከወገብ በታች ሞልቶ ቆያቸው። መሻገሪያው መካከል ላይ ሞተሯ ውኃ ገብቶባት ጠፋች። እየገፉ አወጧት፤ ካንዴላዋን ፈትተው በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ፤ የአየር ማጣሪያዋን ጨመቁ፤ ገጥመው ረገጧት። በሦስተኛው ርግጫ ተነሣች። ከቀትር በፊት ከገበሬዎቹ ዘንድ ሲደርሱ በረዶው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር። በሁለት ቀን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ከብት ከተቡ። ከሰልፉ ፊት አንድ ወይፈን በገመድ ይዘው የቆሙት ወይዘሮ ፈንታነሽ ነበሩ። ሣጥኑን አሁንም ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ሲሉ እልል አሉ፤ የሰፈሩ ሴቶችም ተቀበሏቸው። አቶ ጓዴ መርፌ እንደያዙ ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። በዚያ ቆላ በዚያ ዓመት ከተከተበው ከብት አንድም አልሞተም።

በ1973 ዓ.ም. ወደ ሞጣ ተዛወሩ። አቶ ገብረ ሚካኤልም "ሞተሯ ያለ እርስዎ ለማንም አትነሣም" ብለው አብራ እንድትዛወር ጻፉ። አቶ ጓዴ በስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጋራዥ አላስገቧትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማጣሪያዋን በቤንዚን ያጥባሉ፤ ካቴናዋን ዘይት ይቀባሉ፤ የላሉ ብሎኖችን ያጠብቃሉ፤ በቃ። ለመንገድ የሚይዟቸው ዕቃዎች ሁሉ በአንዲት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይገቡ ነበር። ወጣት ሠራተኞች ሞተር ሊያስመርጧቸው ሲመጡ "በጨለማ ፈትተህ በጨለማ ልትገጥመው የምትችለውን ግዛ" ይሏቸው ነበር። ጉድለት አልነበረባቸውም ለማለት አይደለም። ሞተሯን ለማንም አያውሱም፤ ታቦት ቢለምናቸው አያውሱም። ወይዘሮ ይርጋነሽ "አምስት ልጅ ስወልድልህ ያላየሁትን እንባ ጎማ ሲቀደድ አየሁት" ሲሏቸው አይከራከሩም፤ ይስቃሉ እንጂ።

በ1975 ዓ.ም. ጥር፣ ይህን ታሪክ የምጽፈው የእኔ፣ የልጃቸው የሰብለ ወንጌል፣ ሠርግ ዕለት፣ አባቴ ከክትባት ሥራ አልተመለሱም ነበር። አኩርፌ ከቤት ወጣሁ። የሙሽራ መኪናው ከሞጣ ዳር ካለው ጭቃ ገብቶ ተቀረቀረ። ሚዜዎች ሲገፉ፣ ቄሶቹ ሲጠብቁ፣ አንድ ሞተር ከሩቅ ሲያጓራ ተሰማ። አባቴ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው መጡና ምንም ሳይሉ ከኋላቸው ያለውን የበረዶ ሣጥን ፈትተው አወረዱ። ወንበሩን በጋቢያቸው አነጠፉልኝ። "ውጪ እንጂ ልጄ፣ ቅዳሴው ሊወጣ ነው" አሉኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ተፈናጠጥሁ። ባለቤቴ ከኋላችን በሩጫ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንደርስ ኩርፊያዬ የት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አቶ ጓዴ በ1977 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ ሞተሯን ለተተኪያቸው ለማስረከብ ሙሉ ቀን ወሰደባቸው፤ እያንዳንዱን ብሎን በስሙ አስተዋውቀውታል። ከዚያም በሞጣ ጊዮርጊስ ሰንበት ጽዋ ማኅበር በጸሐፊነት፣ በሰፈሩ ዕድር በሊቀ መንበርነት አገልግለዋል።

ካለፈው መስከረም ወር ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ተይዘው ሲታከሙ ቆዩ። ከዕረፍታቸው በፊት በነበረው ማክሰኞ፣ ከአልጋቸው ሆነው ከመንገድ ማዶ ያለውን የአቶ ውበቴን የእህል ወፍጮ ድምፅ ሲያዳምጡ ቆዩና ወይዘሮ ይርጋነሽን ጠሯቸው። "ሂጂና ለውበቴ ማጣሪያው ታፍኗል፣ ሞተሩን ከማቃጠሉ በፊት አጥፍቶ ይጠበው በይው" አሏቸው። ወይዘሮ ይርጋነሽ "አሁን ያንተ ሐሳብ ይህ ነው?" ብለው እየተቆጡም ሄደው ነገሩ። ወፍጮው ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥርት ያለ ድምፅ ይዞ ተነሣ። አቶ ጓዴ እስኪያምኑት ድረስ አዳመጡት፤ "አሁን ገና" ብለው ፈገግ አሉ፤ ከዚያም ለብዙ ቀን ያጡትን እንቅልፍ ተኙ።

አቶ ጓዴ ወልደ ኪዳን በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ኅዳር 14 ቀን 1982 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሞጣ መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ኅዳር 15 ቀን ወዳጅ ዘመዶቻቸውና ዜናውን ሰምተው በፍጥነት የደረሱ የሱሃ ማዶ ገበሬዎች በተገኙበት በሞጣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይርጋነሽን፣ ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ልጆችን፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆችንም ትተው አልፈዋል። በብሔራዊ ውትድርና ላይ ያለው ልጃቸው ፋንታ ለዚህች ቀን አልደረሰም፤ በሰላም ተመልሶ ይህን ታሪክ ራሱ እንዲያነብበው እንለምናለን።

ለሰውም ለከብትም የሚራራ አምላክ የአባታችንን ነፍስ ከወዳጆቹ ጉባኤ ይደምርልን። ለእናታችን ጽናቱን፣ ለቀረነው ሁሉ የእሳቸውን የመሰለ የሚስቅ ልብ ይስጠን። አሜን።