ለአባባ እጅ የሚሆን ጆይስቲክ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ እንቅልፉ፣ ያ የሚጠዘጥዝህ ጥርስህስ? «ደህና ነኝ» ብለህ እንዳትመልስልኝ፤ የዚህ ቤት ሰው «ደህና ነኝ» ሲል እንደማይታመን ከአባባ ተምሬያለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬ ጉልበቷን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነችም። የስፌት መኪናዬም እንደ ባለቤቷ እየተነጫነጨች ትሠራለች።

አሁን የምጽፍልህን በስልክ ያልነገርኩህ ወድጄ አይደለም። አንተ በደወልክ ቁጥር አባባና እማዬ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ድምፁን አስጮኸው ነው የሚሰሙት። ይህ ደግሞ አባባ መስማት የሌለባቸው ነገር ነው።

ስትሮኩ ከጣላቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው እንዴት እንደሆነች ታውቃለህ። ያን ሁሉ ዘመን ወደብ ላይ ክሬን እየነዱ ኮንቴይነር እንደ ስኒ ቀስ አድርገው ያስቀምጡባት የነበረች እጅ፣ ጭናቸው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ቀረች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የላስቲክ ኳስ ሰጥታ «ይቺን ጠዋት ማታ ይጭመቁ» ብትላቸው፣ ኳሷን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ እኔ ክሬን ነጂ ነበርኩ፤ ሎሚ ጨማቂ አልነበርኩም» አሏት። ኳሷ የጎረቤት ውሻ ሲሳይ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። አባባ ዝም ሲሉ ቤቱ ምን እንደሚመስል አስበው! እማዬ እንዲቆጧት ብላ ሆን ብላ ምግቡ ላይ ጨው ታበዛለች። እሳቸው ያን ጨው በልተው «ተመስገን» ይላሉ። እሷም ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ጨርቅ ሳወርድ የአንተ የድሮ ጌም ማጫወቻ አብሮ ወረደ። ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ያ ከላይ የሚወርዱትን ጡቦች የሚያስደረድረው ጌም መጣ። የመጀመሪያው ጡብ መውረድ ሲጀምር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ፤

«ይሄን ጭነት ማነው ያለ ምልክት የሚያወርደው?»

አባባ ናቸው! እማዬ ማንኪያዋን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች።

«እስቲ ወዲህ በይው» አሉኝ። ጆይስቲኩን ሰጠኋቸው። ግን የአንተ አውራ ጣት የግራውን ቁልፍ ጨርሶታል፤ ጡቡ ሁሉ ወደ ቀኝ ብቻ ይሄዳል። ዕቃው ደግሞ ለእሳቸው እጅ የክብሪት ቀፎ ማለት ነው፤ አንዱን ልጫን ሲሉ ሁሉንም ይጫኑታል። ጡቡ ቀኝ ግድግዳ ላይ እስከ ጣሪያ ተከምሮ ጨዋታው ሲያልቅ፣ «ይሄ ሥራ ባለሙያ ይፈልጋል፤ መሣሪያው ግን የሕፃን ነው» ብለው ወረወሩት። ተቆጡ ማለት ነው። እማዬ በደስታ ልትሞት!

በማግስቱ ሌላ ጆይስቲክ ፍለጋ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ አጠገብ አንተ ከሄድክ በኋላ የተከፈተ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ አለ። ጠጋኙን ሰፈሩ ባለመነጽሩ ይለዋል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። «ለማን ነው?» አለኝ። ለአባቴ ስለው አልሳቀም። የትኛው ጣታቸው እንደሚታዘዝ፣ መዳፋቸው እስከየት እንደሚጨበጥ ጠየቀኝ። መልሱን ስለማላውቅ አፈርኩ።

መጀመሪያ ገመድ አልባ ሞከርን። ሲጫኑት ትንሽ ቆይቶ ነው የሚታዘዘው። አባባ፣ «ይሄ ሲያዝዙት ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሠራተኛ ነው፤ ይባረር» አሉ። ተባረረ።

ሁለተኛው አዲስ ዓይነት ነው፤ በልዩ ሶኬት የሚገጠም፣ ሁለት ትንንሽ ዘንግ ያለው። እንደሚንቀጠቀጥ ግን ማንም አልነገረንም። እጃቸው ላይ ሲንዘፈዘፍ አባባ «መጣ! ሁለተኛው ስትሮክ መጣብኝ!» ብለው ጮኹ። እማዬ ደግሞ አንድ ማሰሮ ውሃ አናታቸው ላይ ቸለሰችባቸው። «ምነው ሴትዮ፣ ቃጠሎ መሰለሽ?» ቢሏት፣ «እኔ ምን አውቄ፣ እጄ ላይ የተገኘው እሱ ነው» አለች። ጆይስቲኩን መለስኩ። ባለመነጽሩ ነገሩን ስነግረው ፊቱን አዙሮ ትከሻው ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ከዚያ ራሱ ቤት መጣ። «ክሬኑን እንዴት ነበር የሚይዙት?» አላቸው። አባባ መዳፋቸውን ብርጭቆ ላይ ደፍተው አሳዩት። ሄዶ ከእንጨት ሰፊ ሳጥን ሠርቶ መጣ፤ ቀኝ በኩል አናቱ ድቡልቡል የሆነ ዘንግ፣ ግራ በኩል ደግሞ የስኒ አፍ የሚያካክሉ ሁለት ቁልፎች አሉት። እንዳይንሸራተት ሆዱ ውስጥ ብረት ከቶበታል። አባባ መዳፋቸውን ዘንጉ ላይ ደፉና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን ትገተሪያለሽ፤ ጭነቱን አምጪዋ!» አሉኝ።

ወንድሜ፣ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ወደብ ሆኗል። ረጅሙ ጡብ ሲዘገይ ይሰድባሉ፤ ሲመጣ ይመርቃሉ። እንዲህ ሲሳደቡ ነው አንድ ቀን ከሰዓት ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ብርጭቆውን አንስተው ጠጥተው መልሰው ያስቀመጡት። በቀኝ እጃቸው! እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «ዋ! ከነገርሻቸው ያስቡበታል፤ ካሰቡበት ይፈሩታል» አለችኝ በጆሮዬ። ይኸው እስከ ዛሬ ብርጭቆውን ሆን ብለን በቀኛቸው እናስቀምጣለን፤ ያነሳሉ፤ እኛም ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። አንተም በስልክ ምላስህን ያዝ አደራ።

ጆይስቲኩ አንድ እንከን ብቻ አለው፤ ዘንጉን የያዘው ቪቴ ይላላል። በሁለት ቀን በሦስት ቀን ዘንጉ ይወላገዳል፤ ባለመነጽሩ ይጠራል፤ መጥቶ ያጠብቃል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ከአባባ ጋር አንድ ጨዋታ ይጫወታል። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ቪቴ እንዳላየ ነግሮናል። ወፍራም ቢቀይርለትም ላላ። እማዬ፣ «እሁድ እሁድ ግን አይላላም፤ እሁድ ልጁ ሳይጠራም ስለሚመጣ ይሆናል» ትላለች። እማዬን ታውቃታለህ፤ የማይሆን ነገር ታገናኛለች።

ባለፈው ሐሙስ አባባ ጠሩኝ። «የስፌት መኪናሽን ካቻቢቴ የት ነው የምታስቀምጪው?»

«መሳቢያ ውስጥ።»

«ታዲያ ከጆይስቲኩ ሥር ምን ይሠራል?»

እሳት ላይ ሽሮ የተውኩ ይመስል ጓዳ ገባሁ። በበሩ ግን ሰማሁ፤ ቪቴውን ሊያጠብቅ ለመጣው ባለመነጽር፣ «ልጄ፣ ጭነት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ አይቆይም፤ ነፋስ አለ፣ ሰው አለ። ወይ አውርደው ወይ ወደመጣበት መልሰው» ሲሉት። ባለመነጽሩ ምን ብሎ እንደመለሰ በወረቀት አልጽፈውም። አባባ ግን ከት ብለው ሲስቁ፣ እማዬም እልል ልትል አፏን በነጠላዋ ስትይዝ አይቻለሁ።

በል እንግዲህ፣ የትከሻህንና የወገብህን ልክ በሚቀጥለው ደብዳቤህ ላክልኝ። ጥሩ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ገዝቻለሁ፤ ከመምጣትህ በፊት ኮትህን ቆርጬ ልጠብቅህ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ከአለቃህ ግን የአንድ ሳምንት ፈቃድ ከአሁኑ ጠይቅ፤ ክረምቱ እንደወጣ ትፈለጋለህ።

የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፤ ክፉ ከደጅህ ይራቅ፤ በዐይነ ሥጋ ያገናኘን።

ለጊዜው እዚሁ ቤት ያለችው፣
እህትህ