አባባ የሚጠይቁት የባቡር ሰዓት

ውድ ወንድሜ አርንፊን፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ፣ ጉልበትህ፣ እንቅልፍህስ? ይህን የምጠይቅህ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ አይደለም፤ መልስ ፈልጌ ነው። ባለቤትህ ቱሪድስ እንዴት ናት? ልጃችን ኢዳስ ትምህርቱ እንዴት ይዟታል? እኛ ደህና ነን። ዓሣው ተሰቅሎ እየደረቀ ነው፤ ነፋሱም ዘንድሮ ራርቶልናል። አባባን ጉንፋን እንኳ አልነካቸውም።

ስልኩን ትቼ ደብዳቤ የጀመርኩት፣ በስልክ ሲሆን ስቀህ ወሬ ስለምትለውጥ ነው። ደግሞም አባባ ስልኩ አጠገብ ካለው ወንበር አይነሱም።

ነገሩን ያመጣችው ወደቡ ላይ ቲኬት የምትቆርጠው ገርድ ናት። ‹‹አንቺ፣ አባትሽ እኮ ሰሞኑን አላስቀምጥ አሉኝ። የቦዶ ከተማ ጀልባ መቼ መቼ ነው፣ የእዚያው ባቡርስ፣ በመሀል ስንት ሰዓት ይተርፋል እያሉ ያደርቁኛል። በትንሿ አውሮፕላን ይሻላል ስላቸው ‹ደረጃዋ ገደል ነው› ይሉኛል። ልጁ ሊወስዳቸው ነው አይደል?›› አለችኝ። ደሜ ፈላ። እማማ ካረፈች ወዲህ ከዚህ ከሮስት ደሴት ወጥተው የማያውቁ ሰው የባቡር ሰዓት ምን ያደርግላቸዋል? ይሄ የአርንፊን ሥራ ነው አልኩ። አሳምነህ አንተ ወዳለህበት ድራመን ልትወስዳቸው፣ ከአረጋውያን ቤት ልታስገባቸው፣ እኔም ይህን ቤት ብቻዬን ልዘጋው ነው ብዬ አመንኩ። ቱሪድንም አልማርኳትም።

እሳቸውን መጠየቅ ደግሞ አይቻልም። በእኛ ቤት መንገድ ያሰበን ሰው ወዴት ነህ ማለት ባሕሩን በላዩ መጥራት ነው። ልጅ ሳለሁ አባባ ወደ ጀልባቸው ሲወርዱ ወዴት ነው ብዬ ጠይቄያቸው መረባቸውን አስቀምጠው የዋሉበትን ቀን አትረሳውም። እማማ ያኔ ያየችኝን አስተያየት እኔም አልረሳሁትም። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

ደሴቱ ግን ማንንም ሳይጠይቅ አባባ ሊሄዱ ነው ብሎ ፈረደ። ጎረቤታችን ሮአር አንድ እቅፍ የደረቀ ዓሣ ይዞ መጣና ‹‹የደቡብ ሰው ዓሣ መብላት አያውቅም፤ ይሄን እያኘኩ ይሰንብቱ›› አላቸው። እህቱ የሱፍ ካልሲ አመጣች። አባባ ሁሉንም እግዜር ይስጥልኝ እያሉ ተቀበሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ እየተሰናበታቸው መሆኑ አልገባቸውም። ለእኔ ግን ‹‹የት ልሄድ?›› አለማለታቸው የጥፋተኛ መሰለኝ።

ከዚያማ ስለላ ያዝኩ። አንድ ጠዋት ጓዳ አጠገብ ያለችውን የታችኛዋን ክፍል የበር ደፍ በመጋዝ ቆርጠው አነሱት። ‹‹ያደናቅፋል›› አሉ። ክፍሏን ሊያከራዩ ነው ብዬ ተናደድኩ። ከአንተ ጋር በስልክ ሲያወሩ ድንገት ስገባ ወዲያው ስለ ነፋስ ይጀምራሉ። እስቲ አንተው ፍረድ፤ አባትና ልጅ ሰሞኑን ሁሉ ስለ ነፋስ ብቻ ያወራሉ?

ትናንት ቆርጬ ወደ ገርድ ሄድኩ። በአባባ ስም የተያዘ ቲኬት ካለ አሁኑኑ ሰርዢልኝ አልኳት። ‹‹የምን ቲኬት? እሳቸው እኮ መጠየቅ ብቻ ነው። ጠዋት ቦዶ የሚገባው ባቡር ቢዘገይ ጀልባዋ ትጠብቃለች ወይ ነው የሚሉኝ›› አለች። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህን አሰብኩ። ከዚህ የሚሄድ ሰው ባቡሩ መቼ እንደሚነሳ ይጠይቅ እንጂ ሲገባ ምን አገባው?

ልብ ካላየ ዐይን አያይም። እዚህ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ሂያጅ ነው፤ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ከመሀላችን አንድም የለም። የአውሮፕላኑ ደረጃ ገደል ነው የሚሉት አባባ ባለፈው ሰኞ የዓሣ መስቀያው ጫፍ ላይ ወጥተው ገመድ ሲያስሩ ነበር። ደረጃው የሚከብደው ለሌላ ሰው ነው። የበሩ ደፍም የሚያደናቅፈው ሌላ ሰው ነው። ከዚያም አንተ የላክሃቸው ፎቶዎች ትዝ አሉኝ፤ ከመከር ወዲህ ቆመህ የተነሳኸው አንድም የለም። ለገና ሥራ በዛብኝ ብለህ ቀረህ።

አርንፊን፣ ምን ሆነሃል? ለጥቂት ሳምንት ትመጣ እንደሆነ፣ ለሁልጊዜም እንደሆነ አላውቅም። ለአባባ ነግረህ እኔን መደበቅህ አንጀቴን አቃጥሎታል። አስምለሃቸው ከሆነ አትውቀሳቸው፤ ቃል አልወጣቸውም። ለአንተ ፈርቻለሁ፤ እሱን አልደብቅህም።

መንገዱን ግን እኔ ላውጣልህ፤ አባባ የሚያውቁት የድሮውን ጀልባ ነው። ከትሮንሄም ከተማ ወደ ቦዶ ሌሊቱን የሚጓዘውን ባቡር ያዝ፤ መኝታ ያለውን። ቱሪድ አብራህ ካልመጣች እዚያ ባቡር ስትቀይር የሚያሻግርህ ሰው ከባቡሩ ሠራተኞች አስቀድመህ ጠይቅ፤ አትኩራ። ጀልባዋ ብታመልጠን ቦዶ እናድራለን። እናድራለን ያልኩት እኔም ስለምኖር ነው። ከአንድ ቀን በፊት በትንሿ አውሮፕላን ተሻግሬ፣ ባቡሩ ሲገባ ጣቢያው ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ። ቀኑን ብቻ ለአባባ ንገራቸው፤ እኔ ከፊታቸው አነበዋለሁ።

ተጠራጣሪ መሆኔን ታውቃለህ፤ በአንተና በቱሪድ ላይ እንደተሳሳትኩት ይሄንንም ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። በሁለት እግርህ ከባቡሩ ወርደህ፣ ሻንጣህን በገዛ እጅህ አንጠልጥለህ፣ ‹‹አንቺ ቂል፣ ማንን ልትደግፊ መጣሽ?›› ብለህ በሰው ፊት ብትስቅብኝ፣ ከዚያ የበለጠ ደስታ አልፈልግም።

ኢዳን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የሱፍ ሹራቧን እየጨረስኩላት ነው። ሮአርና እህቱ ሰላም ይሉሃል፤ ገርድም እንዲሁ። አባባ መጻፌን አያውቁምና ሰላምታቸውን ከእኔ ተቀበል። ቱሪድን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ክፉዋን ሳስብ በከረምኩበት ወር፣ ድምጿ በስልክ ሲሰባበር መስመሩ ነው ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኛት ነበር።

እህትህ ሶልፍሪድ
ሮስት ደሴት፣ መጋቢት አጋማሽ