ስለ ቪየናው አልጋና ስለ ዋሴ ስለ አቶ ደርዊሽ

ታኅሣሥ 14 ቀን 1979 ዓ.ም.
አቃቂ

ለተከበሩ ጓድ ገብረጻድቅ ወልደሰንበት
የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልሁ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ ሦስት ሰዓት ከሩብ ቆመው ሲናገሩ ጉሮሮዎ ሲደርቅ ስላየሁ እስከ ዛሬ በሐሳብ ላይ ነኝ። ለባለቤትዎና ለልጆችዎም ጤና እመኛለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ መሰለችና ልጆቻችን ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ዋሴ አቶ ደርዊሽ ሙሀመድአወል ብቻ ነው፤ የእሱንም ነገር ቁልፉ በኪስዎ ስላለ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ሂስ የአብዮተኛ ስንቅ ነው፣ ያለው ሁሉ በግልጽ ያቅርብ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ሰሌዳውም ከሐምሌ ወር ጀምሮ ባዶውን ነበር።

ነገሩን ለማያውቁ ነዋሪዎች ባጭሩ ላስረዳ። እኔ በፋብሪካችን የሽመና ክፍል መካኒክ ነኝ። አዲሶቹን ማሽኖች የሸጠልን የውጭ ድርጅት ጥገናቸውን እንድማር ከኅዳር 8 ጀምሮ ለሃያ አንድ ቀን ቪየና ጠራኝ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው እንደሚመለስ ሌላ ሰው በፊርማው ማረጋገጥ ስላለበት፣ ጎረቤቴ የጭነት መኪና ሾፌሩ አቶ ደርዊሽ «ሳሪስ ሄዶ ማደር የማይወድ ሰው ቪየና ምን ይይዘዋል» ብሎ ፈረመልኝ። እኔም በደረስሁ በሦስተኛው ቀን ለመሰለች ደህና መግባቴን የሚገልጽ ፖስት ካርድ ላክሁ። ካርዱ በክፍሌ ጠረጴዛ ላይ በነጻ የተቀመጠ ሲሆን በጀርባው የሆቴሉ መኝታ ክፍል ፎቶግራፍ አለበት። የነዋሪው ደብዳቤ በቀበሌ በኩል ስለሚታደል ካርዱን ከመሰለች በፊት እርስዎ አዩት፤ አልጋውንም ተመልክተው «እዚህ የተኛ ሰው አቃቂ አይመለስም» አሉ፤ በማግስቱ ኅዳር 22 ቀን አቶ ደርዊሽን አሰሩት። የመመለሻዬ ቀን ገና ሰባት ቀን ይቀረው ነበር። አንድ ሰው ፎቶግራፍ ብቻ አይቶ የሌላውን ሰው ልብ እንዲህ አጥርቶ ማወቁ ያስደንቃል፤ በማን ልብ ለክተው እንዳወቁት ግን አልነገሩንም።

እኔ በተባለው ቀን፣ ኅዳር 29፣ ተመለስሁ። ሻንጣዬን ይዤ ከአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ ያገኘሁት የአብዮት ጥበቃው አደሴ ሲሆን፣ ጠመንጃውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ አፉን ከፍቶ «ጋሼ አሻግሬ፣ እርስዎ እኮ ቀርተዋል!» አለኝ። አልቀረሁም፣ ይኸው መጣሁ ብዬ ብመልስለት «ኧረ በስብሰባ ተወስኗል፣ እኔም እጄን አውጥቻለሁ» ብሎ በሐዘን ዓይን ተመለከተኝ። ሻንጣዬን አግዞኝ ቤቴ ድረስ ካመጣ በኋላም ለመሰለች «የቀሩት ሰውዬ መጥተዋል» ብሎ አስረከበኝ።

በማግስቱ አስጠርተው በቅንጦት ሆቴል ስለ መቆየቴ ዝርዝር መግለጫ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ትእዛዝዎን በማክበር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ሆቴሉ። ሆቴሉን የመረጠው ድርጅቱ ነው። አሥራ ሁለት ክፍሎች ብቻ ያሉት፣ ቀድሞ የአንድ መስፍን መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። በሩ ላይ ሙሉ ቀን የሚቆም ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አለ፤ ከእኛ ጽሕፈት ቤት ዘበኛ የሚለየው ሰውን ለማስገባት የቆመ መሆኑ ነው። በገባሁበት ምሽት እንግዳ አሳድሮ ሳያስመዘግቡ መቅረት የሚያስከትለውን ስለማውቅ፣ እንግዳ መዝጋቢውን በተማርሁት እንግሊዝኛ የት ቀበሌ እንደምመዘገብ ጠይቄው ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ሰጠሁት። እሱ ፎቶግራፎቹን እያገላበጠ ካያቸው በኋላ በአክብሮት መልሶልኝ አንድ ዝርዝር ወረቀት አቀረበልኝ። የትራስ ዓይነቶች ዝርዝር ነበር፤ ከስድስቱ ደስ ያለኝን እንድመርጥ ነው። በቀበሌያችን ምርጫ አንድ እጩ ቀርቦ ማጨብጨብ ስለለመድሁ ከስድስት መምረጥ እጅግ አስቸገረኝና መጨረሻ ላይ እጄን አውጥቼ የመጀመሪያውን አጸደቅሁ።

2ኛ/ ስለ አልጋው። ለአራት ሰው ይበቃል። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ ስፋቱን ሳይቀር እንድገልጽ ስለጠየቁኝ ነው። ጠዋት ጠዋት እንደ ለመድሁት አልጋዬን አንጥፌ፣ ወለሉን ጠርጌ፣ መታጠቢያውን አጥቤ ወደ ሥልጠናው እሄድ ነበር። በአራተኛው ቀን ክፍሉን የምታጸዳው ወፍራም ባልቴት በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት፤ ኃላፊውም ጥቁር ሱፉን ለብሶ መጥቶ በሴትዮዋ ሥራ ካልተደሰትሁ ሊያሰናብታት እንደተዘጋጀ በትሕትና ነገረኝ። እኔ ያደርሁበትን እንደተዝረከረከ ትቼ መውጣት ነውር ሆኖብኝ እንጂ በእሷ ቅሬታ የለኝም ብዬ ማልሁ። ከዚያ ወዲያ እንጀራዋ እንዳይዘጋ ጠዋት አልጋውን በደንብ አነጥፍና፣ መልሼ አበላሽቼ እወጣ ነበር። ሠርቶ ማፍረስ ከቀበሌያችን የቦይ ቁፋሮ ጀምሮ የለመድሁት ስለሆነ ብዙም አልከበደኝም።

እሑድ እሑድም የጽዳት ዘመቻ ስላለብን ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት መጥረጊያ ተውሼ የሆቴሉን ደጃፍ ጠረግሁ። ሁለተኛው እሑድ ላይ በረንዳቸው ላይ ቆመው የሚያዩኝ ሰዎች ነበሩ። አንድ ፖሊስም ቆሞ ካየኝ በኋላ ቆቡን አንሥቶ ሰላምታ ሰጥቶኝ ሄደ። የሚያሳዝነው ግን መገኘቴን በመዝገብ የሚይዝልኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ሦስቱንም እሑድ ቀሪ ተብዬ የዚህ ወር ስኳሬ መታገዱን የተረዳሁት የኅብረት ሱቁ ዘንድ ከተሰለፍሁ በኋላ ነው።

3ኛ/ ስለ ሙቅ ውሃው። ሙቅ ውሃ ቀኑን ሙሉ ይወርድ እንደሆነ ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በማኅተም ጠይቀውኛል። ይወርዳል። ፎጣው ትልቅ ነው ወይ ለሚለውም፣ ትልቅ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ከአካባቢ ፀጥታ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እስካሁን አልደረስሁበትም፤ በእኔ የንቃት ማነስ ይሆናል።

4ኛ/ ስለ ስኳሩ። በሆቴሉ የቁርስ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ያለ ጠባቂ ይቀመጣል። የድርሻዬን በሻዬ ውስጥ ከመጨመር ይልቅ በኪሴ እያኖርሁ ለልጆቼ ያመጣሁትን ሙሉ ከረጢት አደሴ «ለምርመራ ነው ጋሼ፣ ታዝዤ ነው» ብሎ ወሰደው። ምርመራው አለመቋረጡን ሻይ ሲጠጡ በመስኮት በኩል ስላየሁ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ።

5ኛ/ ስለ አቶ ደርዊሽ። ከላይ ያሉትን አራቱን ሁሉ ቢተዉት ቅር አይለኝም፤ ይህን አምስተኛውን ግን ሳይመልሱልኝ እንዳይተዉት እለምናለሁ።

አቶ ደርዊሽ ከታሰረ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። የታሰረው እኔ ባለመመለሴ ሲሆን፣ እኔ ከተመለስሁ ግን አሥራ አምስት ቀን ሆነኝ። መኪናው በደጁ ቆማ ጎማዋ እየተኛ ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ሞሚና ወሯ ገብቷል፤ እንደዚያ ሆና በየቀኑ ሐዲዱን ተሻግራ ምሳ ታመላልሳለች። ልጁ ሲወለድ አባቱ ቤቱ እንዲገኝ ነው የምትፈልገው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

እኔም መመለሴን ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ማስረጃ አምጣ አሉኝ። ሁለተኛ ጊዜ ከፋብሪካው በሥራ ገበታዬ ላይ መገኘቴን የሚገልጽ ደብዳቤ ባመጣ፣ ደብዳቤው መሥራቴን እንጂ መመለሴን አይገልጽም ብለው መለሱት። ፓስፖርቴን ደግሞ እንደ ደንቡ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አስረክቤዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ይኸው እኔ ራሴ ቆሜያለሁ ብል «ጓድ አሻግሬ፣ እኔማ በዓይኔ አይሃለሁ፤ ፋይሉ ግን አላየህም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፋይሉ ያየኝ ይሆናል ብዬ በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ጠዋትና ማታ እመላለሳለሁ።

አቶ ደርዊሽን በእስር ቤቱ ትንሽ መስኮት በኩል አነጋግሬዋለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ብሄድ እሱ ነው ያጽናናኝ። «አብሽር አሻግሬ» አለኝ፣ «አንተ በላባ ስትተኛ እኔን በሲሚንቶ ያስተኙኝ ሚዛን ለመጠበቅ ነው፤ እኩልነት ማለት ይኸው ነው።» የጎኑን ሕመም ግን ሲዞር አየሁበት።

ነገሩ ያስቸገረዎት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አሻግሬ በቀለ ከድቶ ቀርቷል ብለው ከቀበሌያችን በላይ ላለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሪፖርት አድርገዋል፤ ስለ ነቅቶ ጠባቂነትዎም ምስጋና ተጽፎልዎታል። አሁን መጥቷል ብሎ መጻፍ እንደማይመች አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ የሚከተለውን እንዲጽፉ በትሕትና አሳስባለሁ፤ ግለሰቡ በርግጥ ቀርቶ ነበር፤ ሆኖም ጓድ ሊቀመንበሩ የወሰዱትን ቆራጥ እርምጃ ቪየና ድረስ ሰምቶ በድንጋጤ ተመልሷል። እኔ ከሥር እፈርማለሁ። ምስጋናውም ሁለት ይሆናል።

በመጨረሻም የምሥራች። ለቀበሌ አመራር ሥልጠና ለሦስት ወር ወደ ሶፊያ እንዲሄዱ መመረጥዎን ሰምቼ ከልብ ተደስቻለሁ። ለጉዞው ሁለት ዋስ እንደሚያስፈልግና ቅጹም እስከ ሐሙስ መግባት እንዳለበት፣ እርስዎም ከሰኞ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ መሆንዎን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስላጋጠመዎት እምቢታ አዝናለሁ። ወይዘሮ ፈለቀች እጄን ቁርጥማት ይዞኛል ማለታቸውን ሰምቻለሁ፤ ሆኖም በዚያው ቀን ሊጥ ሲያቦኩ ነበር። አቶ ሰቦቃ መፈረም አልችልም ያሉትም የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸው በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ነው። ሌሎቹ ደግሞ እርስዎ ወደ ግራ ሲታጠፉ ወደ ቀኝ ታጥፈዋል። ክፋት እንዳይመስልዎት። ለጎረቤቱ የፈረመ ሰው የት እንደሚያድር በየቀኑ የሞሚናን ምሳ ዕቃ እያዩ ተምረዋል፤ ይህን ያስተማሯቸውም እርስዎ ነዎት።

አንደኛው ዋስ እኔ እሆናለሁ። ፊርማዬን በዚህ ደብዳቤ ሥር ያገኙታል፤ በቅጹም ላይ በፈለጉት ሰዓት እደግመዋለሁ። ሁለተኛ ዋስ ፍለጋ እኔም ሰፈሩን ዞሬ እሺ ያለ አንድ ሰው ብቻ አግኝቻለሁ፤ እሱም አቶ ደርዊሽ ነው። ችግሩ፣ ቅጹ በአምስተኛ ተራው ላይ ዋስ የሚሆን ሰው በእስር ላይ ያልሆነ መሆን አለበት ይላል። ቅጹን ያወጣሁት እኔ ብሆን አሻሽለው ነበር። እንግዲህ እስከ ሐሙስ ከአቶ ደርዊሽ እስርና ከሶፊያ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል። እጩዎቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ እኔ በትራሱ እንደ ተቸገርሁት እንደማይቸገሩ ተስፋ አደርጋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለ ወሰድሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ የእስር ቤቱ ቁልፍ ኪስዎን እንዳይከብድዎ ከልብ እያሰብሁ፣ ለሥልጠናው መልካም ጉዞ እየተመኘሁ፣ በፋይልዎ ዘንድ ገና ያልተመለስሁ ቢሆንም በሰውነቴ ከፊትዎ ቆሜ እጅ የምነሣ፣

አሻግሬ በቀለ
የሽመና ማሽን መካኒክ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት
ለወይዘሮ ሞሚና

ማስታወሻ፦ አቶ ደርዊሽ ሳያስብበት እንዳይፈርም ብዬ ዛሬ ጠዋት በመስኮቱ በኩል አስጠንቅቄዋለሁ። ጓድ ሊቀመንበሩ ሶፊያ ቢቀሩ ዋሳቸው አንተ ነህና እንደገና ትታሰራለህ አልሁት። መልስ ለመስጠት ጊዜ አልወሰደበትም። «እሳቸው ይቅሩልን እንጂ፣ ወላሂ ፍራሼን ራሴ ተሸክሜ እገባለሁ» አለኝ።