ጥቁሩን ድንጋያችንን ከመዋኛ ገንዳዎ አጠገብ ስላቆሙልን

ለክቡር ሚስተር ሃልቤክ
የወርቃማ ሞገድ ሪዞርት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚዋኙት ቀያይ ዓሦችስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ስሜ ኤልያ ካሃናሌ ይባላል። ከሪዞርትዎ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለችው ቆርቆሮ ቤት የምኖር፣ ሚስቴን ከቀበርኩ አራት ዓመት ያለፈኝ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ልጄ ደብዳቤውን ላስተካክልልህ ብትለኝ እንቢ ብያታለሁ፤ ጠማማም ከሆነ የራሴ ጠማማ ይሁን። ግልባጩን በቤተ ክርስቲያናችን በርና በአጥማጆች ማኅበር ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ለደሴቲቱም ጋዜጣ ልኬዋለሁ። ይህን ማድረጌ እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው በጓዳ ሲመሰገን ስለማያምርበት ብቻ ነው።

የምጽፍልዎ ቤተሰቤ በሪዞርትዎ ስላሳለፈው ዕረፍት ነው። ልጄ ፑአናኒ የምትኖረው ላስ ቬጋስ ነው። እዚህ ደሴት ላይ ጣሪያ ማግኘት ለእንግዳ ቀላል፣ ለተወላጅ ግን ከባድ ስለሆነ፣ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች ወደዚያ በረሃ ሄደች። ዘንድሮ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ በሟች ባለቤቴ ስምም ሉኢካ አለቻት። የሕፃኗ እትብት ደርቆ ሲወድቅ በጥጥ ጠቅልላ፣ በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ፣ ባሕር አሻግራ ይዛልኝ መጣች።

ከጎረቤቶቼ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ለእርስዎ ግን ልንገርዎ። በካይሜሌ ወሽመጥ ዳር ሰውነቱ ሁሉ ቀዳዳ የሆነ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበረ። የእኛ ሰው ልጅ ሲወልድ እትብቱን ከቀዳዳዎቹ ባንዱ ያኖርና አፉን በጠጠር ይወትፈዋል። ጠጠሩ ለአይጥ ነው፤ እናቴ እትብቱን አይጥ የወሰደበት ልጅ ሲያድግ ሌባ ይሆናል ትል ነበር። የአባቴም፣ የእኔም፣ የፑአናኒም እትብት ያለው እዚያ ነው። የእኛ ሰው የትም ይሂድ የት፣ እትብቱ ያለበት ሥፍራ አንድ ቀን ይጠራዋል እንላለን።

ወደ ድንጋዩ የሚያወርደው የእግር መንገድ ግን ዛሬ በእርስዎ በር ውስጥ ያልፋል፤ በሩም የላስቲክ አምባር በእጁ ላላሰረ ሰው አይከፈትም። ለሕዝብ የተተወው ሌላው መንገድ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ ከተሰቀለበት ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ አሁን ሰሌዳው ራሱ ጥገና ይፈልጋል። ስለዚህ ልጄ፣

«አባዬ፣ እንግዳ ሆነን እንግባ፤ ለአንተም ዕረፍት ይሆንልሃል» አለችኝ።

«በገዛ ወሽመጤ እንግዳ ልባል?»

«ሦስት ቀን ነው አባዬ። ደግሞ አትነጫነጭ፤ እማዬ ብትኖር ኖሮ መጀመሪያ መዋኛ ልብሷን የምትለብሰው እሷ ነበረች።»

ይህስ እውነት ነው። ገባን። ከዚህ በታች ያየሁትን መልካም ነገር በየቁጥሩ አቀርባለሁ።

1ኛ. በአዳራሹ በር ላይ በወርቅ ቀለም «ቤትዎ ነው» ተብሎ ተጽፏል። አነበብኩት፣ አመንኩትም። እኛ ወደ ሰው ቤት ስንገባ ጫማችንን ደጃፍ ላይ እናወልቃለንና ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ከግድግዳው ጥግ በሥርዓት ደርድሬ ገባሁ። ስወጣ የለም። ወጣቷ ሠራተኛዎ በታላቅ ትሕትና «ጌታዬ፣ ባለቤት የሌለው ዕቃ መስሎን ተጥሏል» ስትለኝ፣ «ባለቤቱማ ይኸው ቆሟል፣ እግሩን ተመልከቺ» አልኳት። ካሣ እንዲሆነኝ የሪዞርትዎ ስም መርገጫው ላይ የታተመበት አዲስ ነጠላ ጫማ ሰጠችኝ። ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምዎን ሳልረግጥ የዋልኩበት ቀን የለም።

2ኛ. እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣምና ለቤቱ ጌታ፣ ማለት ለእርስዎ፣ በገዛ እጄ ያደረቅሁትን የዓሣ ቋንጣና በገዛ እጄ የደቆስኩትን፣ ፖይ የምንለውን የጎደሬ ገንፎ በቅጠል ጠቅልዬ ይዤልዎ መጥቼ ነበር። ሽታው ገና ከመኪናው ሳልወርድ ቀድሞኝ ገብቶ ኖሮ፣ ጓንት ያጠለቀ ሰው መጥቶ «ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው» ብሎ ወሰደው። የደረሰበትን ቅርጫት አይቻለሁ፤ ክዳኑ በራሱ የሚከፈት በጣም ዘመናዊ ቅርጫት ነው። ማታ ደግሞ «ታላቁ የጥንት ግብዣ» ላይ ከጣሳ የወጣ ፖይ፣ የሳል መድኃኒት የሚለካባትን በምታህል ኩባያ ቀረበልን። ከአጠገቤ የተቀመጡት እንግዶች በጣታቸው ነክተው ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔም ቀምሼ አጨማደድኩ። በዕድሜዬ ከቱሪስት ጋር በአንድ ነገር የተስማማሁት ያን ማታ ነው።

3ኛ. በማግስቱ ጠዋት ልጄ ሕፃኗን አቅፋ፣ እኔ ብልቃጡን ይዤ ወደ ባሕሩ ወረድን። በድንጋዩ ቦታ ላይ የተደረደሩ ጃንጥላዎችና በአሸዋ የተሞላ ጉድጓድ አገኘን።

«አባዬ፣ ቦታው ተሳስቶህ ይሆን?»

«አፍንጫዬ የት እንዳለ ይሳሳተኛል?»

ዞር ስል አየሁት። ከመዋኛ ገንዳው አጠገብ፣ በብረት አጥር ተከቦ፣ ከሥሩ ሰማያዊ መብራት እየበራለት ቆሟል። ክቡር ሆይ፣ ሪዞርቱ ሊሠራ ሲል ሰዎችዎ በሰፈራችን መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ብስኩት አቅርበውልን «ድንጋያችሁን እንጠብቀዋለን» ብለው ቃል ገብተውልን ነበር። ቃልዎን ጠብቀዋል። ከባሕሩም፣ ከነፋሱም፣ ከእኛም ጠብቀውታል። በነሐስ ሰሌዳ ላይም «የምኞት ድንጋይ» የሚል አዲስ ስም አውጥተውለታል፤ የቀድሞውን ማንም ስላልጠየቀን ነው እንጂ እሱም ስም ነበረው።

እንግዶች ተሰብስበው ነበር፤ የአበባ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው አስጎብኚዎ አንድ ንጉሥ ስለ ጠፋችበት ፍቅረኛው በዚህ ድንጋይ ላይ እንዳለቀሰ፣ በቀዳዳው ሣንቲም የጣለ ሰውም ፍቅሩ እንደሚመለስለት እየተረከላቸው ነው። እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

«ልጄ፣ የንጉሡ ስም ማን ነበር?»

«እ... ንጉሥ ነው የሚለው፣ አጎቴ። በሥልጠናው ላይ የተሰጠን እንደዚያ ነው።» አጎት ማለትን ግን ተምሯል፤ በእኛ ደሴት ሽማግሌ ሁሉ አጎት ይባላል።

«ከላይ ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ ያለው የእኔ እትብት ነው። ያንን በሥልጠናው አልነገሯችሁም?»

እንግዶቹ ሳቁ፤ ከዚያም አጨበጨቡልኝ። ትከሻዋን ፀሐይ ያቀላት አንዲት ሴት «እንዴት ደስ ይላል! ሽማግሌውም የትዕይንቱ ክፍል ናቸው?» ብላ ከላይ በሦስተኛው ቀዳዳ ሣንቲሟን ጣለች። ባሏ አብሬው ፎቶ እንድነሣ ጠየቀኝ። ተነሣሁ። እንግዳ ነኝና እንግዳ ማስከፋት አልወደድኩም።

ሰው ሲበተን አጎንብሼ አየሁ። የወተፍናቸው ጠጠሮች የሉም። በቦታቸው ሣንቲምና የታኘከ ማስቲካ አለ። ወለሉን የምትጠርግ የሰፈራችን ሴት፣ ስሟን ለእርስዎ አልሰጥም፣ ቀና ብላ ሳታየኝ «አጎቴ፣ ቀዳዳዎቹን በግፊት ውኃ ነው የምናጥባቸው፤ ማስቲካው ስለሚያስቸግር ታዘን ነው» አለችኝ። «እና ውስጡ የነበረውስ?» ስላት በመጥረጊያዋ ወደ ገንዳው ፍሳሽ ቱቦ አመለከተችኝ። እንግዲህ አባቴም፣ እኔም፣ ልጄም በገንዳዎ ቱቦ ወርደናል ማለት ነው። ውኃው እንግዶችዎን እንዳላሳከካቸው ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ፤ የሚቆጠር አይደለም።

ልጄ ብልቃጡን ከእጄ ወሰደችና «ተወው አባዬ። ቬጋስ ወስጄ ጓሮዬ ካለው ዛፍ ሥር እቀብረዋለሁ» አለች። በቀስታ ነው ያለችው፤ የኔን ልብ ላለመስበር ብላ ይመስለኛል። እርስዎ ብዙ አገር የኖሩ ሰው ስለሆኑ ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች ላይገባዎ ይችላል። ሕፃኗ የዚያ በረሃ ልጅ ትሆናለች፣ ወደዚህ የሚጠራት ነገር አይኖርም፣ የኔ ቤት ቆርቆሮም ከኔ በኋላ የማንም ነው ማለት ነው። ሚስቴን ስቀብር እንኳ እንደዚያ ባዶ አልሆንኩም፤ ያኔ የምትመጣ ልጅ ነበረችኝ።

አጥሩን ተሻግሬ ድንጋዩ ላይ ወጣሁና በቤቴ ቁልፍ ማስቲካውን መፈልፈል ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ መውጣቴ ራሴንም ገርሞኛል። ወዲያው የጥበቃ ሠራተኞችዎ ሁሉ ከየአቅጣጫው ከበቡኝ። አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው።

«አጎቴ፣ ይውረዱ፤ ስለ እግዜር ይውረዱ። ሥራዬን ያሳጡኛል።»

«የአባትህንም እትብት ነው የምፈልገው። ወይ እርዳኝ፣ ወይ ዝም በል።»

ዝም አለ። ክርኔን ይዞ አወረደኝ፤ አያያዙ የሚያስር ሰው አያያዝ አልነበረም፣ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ እናቱን የሚደግፍበት ዓይነት ነበር። ሌሎቹ በስልክ እየቀረጹን በገንዳው ዙሪያ አዞሩኝ፣ በአዳራሹ አሳለፉኝ፣ አምባሬን በመቀስ ቆርጠው ከበሩ ውጭ አደረሱኝ። ጸሐፊዎም መጥታ ሁለተኛ ወደዚህ ግቢ እንዳልገባ በአክብሮት ነገረችኝ። ከተወለድኩበት ወሽመጥ በአክብሮት የተባረርኩ የመጀመሪያው ካሃናሌ ነኝ፤ የቀሩት ያለ አክብሮት ነበር የተባረሩት።

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፑአናኒ ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ መጣች። በባዶ እግሯ ናት። እስከ ጉልበቷ አሸዋና ጨው አለባት። ብልቃጡ በእጇ ነው፤ ባዶ ነው።

«አንተን ሲከቡህ አባዬ፣ እኔን የሚያይ አልነበረም» አለች።

«በጠጠር ወተፍሽው?»

«ወትፌዋለሁ።»

የት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የምስጋና ደብዳቤ የሆነው ስለዚህ ነው። ከጠባቂዎችዎ አንዱን እንኳ ባሕሩ ዳር ቢያስቀሩ ኖሮ ልጄ ብልቃጡን ይዛ ወደ በረሃው ትመለስ ነበር። ሁሉንም ለአንድ ሽማግሌ መድበው ላደረጉልን ውለታ፣ እኔም፣ ልጄም፣ የልጅ ልጄም እናመሰግናለን። ድንጋዩን ወደ ቦታው ይመልሱልን ብዬ አልለምንዎትም፤ ልመና አልለመደብኝም። መመለስ የፈለጉ ዕለት ግን ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደሆነ ላሳይዎ እችላለሁ፤ አምባር ባላስርም።

ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ በመዝገብዎ እንግዳ ተብዬ የገባሁ፣ በበርዎም እንግዳ ተብዬ የወጣሁ፣ በዚህ ወሽመጥ ግን እንግዳ ሆኜ የማላውቀው፣ አክባሪዎ

ኤልያ ካሃናሌ
ከዳገቱ ላይ፣ መብራቶችዎ እንቅልፍ ከሚነሱት ቤት

ማስታወሻ፦ እትብቱን ለማግኘት ግቢውን በሙሉ አስቆፍራለሁ ካሉ መብትዎ ነው፤ ዕረፍት ላይ ላሉት እንግዶችዎም አዲስ ትዕይንት ይሆናል። ካልሆነ ግን ሕፃኗ አድጋ በተጠራች ጊዜ በባዶ እግሯ ትመጣለችና ጫማዋን የሚጥልባት የለም፤ በሩን ብቻ ይክፈቱላት። እስከዚያው አንድ ውለታ ይዋሉልኝ፦ ከወጥ ቤትዎ ጀርባ አይጥ አይቻለሁ። ለልጅቷ ብለው ያስጠፉልኝ፤ በዚያ ባሕር ዳር ሌላ ሌባ እንዲጨመር አልፈልግም።